አልታይ ያለ ዲስክ ሁሉ የሞተ አይደለም
(በተሳሳተ አገጣጠም የተጎዳ ኤስኤስዲን ስለ መመርመር)

መግቢያ

በምዕራብ ጎንደር ቆላ ዛሬ ፎቶ ኮፒ ቤቱም፣ የሰሊጥ ነጋዴው ቢሮም፣ የግል ክሊኒኩም ኮምፒውተር ይጠቀማል። ታዲያ ኮምፒውተሩ ብዙውን ጊዜ ያገለገለ ነው። ከጎንደር ወይም ከአዲስ አበባ ተገዝቶ፣ በመኪና ተጭኖ ወርዶ፣ አቧራና ሙቀት እየጠጣ የሚሠራ ዕቃ ነው። እንዲህ ያለውን ኮምፒውተር በትንሽ ወጪ ማፍጠን ለሚፈልግ ሰው የሚመከረው አሮጌውን ሃርድ ዲስክ አውጥቶ በኤስኤስዲ መተካት ነው። እስኪከፈት ድረስ ቡና ተፈልቶ ይጠጣ የነበረው ማሽን በሰከንዶች ውስጥ ይከፈታል፤ ባለቤቱም ይደሰታል።

ሥራው ቀላል ስለሚመስል ግን ብዙ ሰው ካቻቪቴ ይዞ ራሱ ይገባበታል። አንዱ ይነቀላል፣ ሌላው ይሰካል፣ አለቀ። ከዚያ በኋላ ነው «ኮምፒውተሩ ዲስኩን አላይም አለኝ» የሚል ሰው ዕቃውን በፌስታል ይዞ ጥገና ቤት የሚመጣው። እኔም በትብብር ሥልጠና ወቅት በገንዳ ውሃ ከተማ በአንድ የጥገና ቤት ያየሁትን በክፍል ከተማርነው ጋር አገናዝቤ ለክፍላችን ተማሪዎች ለማካፈል ይህን ጽሑፍ አዘጋጅቻለሁ።

የጽሑፉ ዋና ሐሳብ አንድ ነው። በተሳሳተ መንገድ የተገጠመ ኤስኤስዲ አልታይ ሲል መጀመሪያ የሚደረገው ነገር «እስቲ እንደገና ልሞክረው» ማለት ሳይሆን ኤሌክትሪኩን ማቋረጥ ነው። ምርመራውም ከዲስኩ ውጭ ካለው ኬብልና ሶኬት ተነሥቶ ወደ ዲስኩ መግባት አለበት። ይህን ቅደም ተከተል የዘለለ ሰው ሊድን ይችል የነበረውን ዲስክ በገዛ እጁ ሊገድል ይችላል።

1. ኤስኤስዲ ምን ዓይነት ዕቃ ነው?

ሃርድ ዲስክ የሚሽከረከር ሳህንና በላዩ የሚንቀሳቀስ ማንበቢያ ያለው ዕቃ ነው። ኤስኤስዲ ግን የሚንቀሳቀስ ነገር የለውም። መረጃው የሚቀመጠው ናንድ ፍላሽ በሚባሉ ቺፖች ውስጥ ነው። የፍላሽ ሜሞሪ ፈጣሪ በጃፓኑ ቶሺባ ኩባንያ ይሠሩ የነበሩት ፉጂዮ ማሱኦካ ሲሆኑ፣ ናንድ የተባለው ዓይነት ለዓለም የተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። ዛሬ በፍላሽ ዲስክም፣ በሞባይል ስልክም፣ በኤስኤስዲም ውስጥ ያለው የዚሁ ዘር ነው።

ለጥገና ሥራ ኤስኤስዲን በሦስት ከፍለን ብናየው ይጠቅመናል። የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ መግቢያው ነው፤ መሰኪያው፣ ፊውዙ፣ መከላከያ ዳዮዱና ቮልቴጅ የሚያወርዱት ክፍሎች እዚህ አሉ። ሁለተኛው ተቆጣጣሪው፣ ማለትም ኮንትሮለር የሚባለው ቺፕ ነው። ሦስተኛው መረጃው ያለባቸው የሜሞሪ ቺፖች ናቸው።

ኮንትሮለሩን እንደ ሰሊጥ መጋዘን ጠባቂ አስቡት። ጆንያ በገባ ቁጥር የትኛው የት እንደተቀመጠ የሚመዘግበው እርሱ ነው። ቦታው እኩል እንዲያገለግልም ጆንያዎቹን ከጥግ ወደ ጥግ እያዛወረ ነው የሚያስቀምጠው። ጠባቂው መዝገቡን ይዞ ከጠፋ ጆንያው ሁሉ መጋዘን ውስጥ አለ፤ የቱ የማን እንደሆነ የሚያውቅ ግን የለም። «ቺፑን ፈትተን ሌላ ዲስክ ላይ ብንበይደውስ?» ለሚለው የተለመደ ጥያቄ መልሱ ከዚህ ይገኛል። በቺፖቹ ላይ ያለው መረጃ ተበታትኖና ተቀላቅሎ የተጻፈ ነው፤ በብዙ ኤስኤስዲዎችም በኮንትሮለሩ ቁልፍ የተመሰጠረ ነው። ስለዚህ ቺፑን ብቻውን ማንሳት ፋይል አያስገኝም።

አንድ ሌላ ነገር እንያዝ። ባለ 3.5 ኢንች ሃርድ ዲስክ 12 ቮልትም 5 ቮልትም ይጠቀማል። ባለ 2.5 ኢንች የሳታ ኤስኤስዲ የሚሠራው በ5 ቮልት ነው። እንደ ማስቲካ የቀጠነው ኤም.2 ደግሞ 3.3 ቮልት ነው የሚወስደው። በመስመሩ ላይ ከዚህ በላይ ቮልቴጅ ከመጣ መጀመሪያ የሚመታው የኤሌክትሪክ መግቢያው ነው። እርሱ ካልቻለ ወደ ኮንትሮለሩ ያልፋል።

2. የተለመዱ የአገጣጠም ስህተቶች

ሀ. ሞሌክስን መገልበጥ፦ በአሮጌ ዴስክቶፖች ፓወር ሰፕላይ ላይ ትርፍ የሳታ መሰኪያ ስለማይገኝ ባለ አራት ቀዳዳውን ነጭ ሞሌክስ ወደ ሳታ የሚቀይር አጭር ኬብል ይገዛል። ሞሌክስ ላይ ያሉት ሽቦዎች በተራ ቢጫ፣ ጥቁር፣ ጥቁር፣ ቀይ ናቸው። ቢጫው 12 ቮልት፣ ቀዩ 5 ቮልት፣ ሁለቱ ጥቁሮች መሬት ናቸው። ፕላስቲኩ በሁለት በኩል ጠርዙ ስለተቀነሰ ተገልብጦ መግባት አልነበረበትም። ነገር ግን ያረጀና የላላ ፕላስቲክ በጉልበት ሲገፋ ይገባል። ያን ጊዜ ሁለቱ መሬቶች መሐል ስለሆኑ ቦታቸው አይቀየርም፤ ቢጫውና ቀዩ ግን ይለዋወጣሉ። በ5 ቮልት መስመር ላይ 12 ቮልት መጣ ማለት ነው።

ለ. የሌላ ፓወር ሰፕላይ ኬብል መጠቀም፦ ኬብሎቹ የሚነቀሉ ዓይነት ፓወር ሰፕላይ ሲቀየር አንዳንድ ሰው «ኬብሉ ያው ነው» ብሎ አዲሱን ሳጥን ብቻ ቀይሮ የድሮውን ኬብል ይተወዋል። በዲስኩ በኩል ያለው መሰኪያ በእርግጥ አንድ ዓይነት ነው። በፓወር ሰፕላዩ በኩል ያለው የሽቦ አደራደር ግን አምራቹ እንደፈለገ የሚያደርገው ነው፤ በአንድ አምራች ሞዴሎች መካከል እንኳን ሊለያይ ይችላል። ስለዚህ ልኩ ገጠመ ማለት ትክክል ነው ማለት አይደለም።

ሐ. ኤም.2ን ከማይስማማው ቦታ መሰካት፦ በኤም.2 ካርድ ጥርሶች መካከል ያለው ክፍተት ቁልፍ ይባላል። ኤም ቁልፍ፣ ቢ ቁልፍና ሁለቱንም የያዘ አለ። የዋይፋይ ካርድ የሚገባበትም ሌላ ቁልፍ ያለው ቦታ አለ። ቁልፉ ሳይገጥም በጉልበት የተገፋ ካርድ ጥርሱ ይላጣል፤ የማዘርቦርዱም ሶኬት ይሰበራል። ከዚህ የሚለየው ደግሞ ቁልፉ ገጥሞ ቋንቋው ሲለያይ ነው። ኤም.2 ቅርጹ እንጂ ቋንቋው አይደለም። በአንድ ቅርጽ ውስጥ በሳታ የሚሠራም፣ በኤንቪኤምኢ የሚሠራም ዲስክ አለ። ኤንቪኤምኢ ብቻ በሚያውቅ ሶኬት የሳታ ኤም.2 ቢሰካ አይታይም። ይህ ዲስክ ግን አልተበላሸም፤ ቦታውን ነው የሳተው።

መ. የብሎን እግር መርሳት ወይም ማሳሳት፦ ኤም.2 በማዕዘን ገብቶ፣ ዝቅ ተደርጎ፣ ጫፉ ከሥር በምትቆም አጭር የብሎን እግር ላይ ይታሰራል። እግሯ ከሌለች ካርዱ ብሎኑ ሲጠብቅ ይጎብጣል፤ ከቺፖቹ ሥር ያለውም ብየዳ ሊሰነጠቅ ይችላል። እንዲህ ያለ ዲስክ ሲቀዘቅዝ እየታየ ሲሞቅ ይጠፋል። እግሯ በማይገባ ቦታ ቆማ የካርዱን ሆድ ከነካች ደግሞ ሾርት ታደርጋለች።

ሠ. ኤሌክትሪክ እያለ መሥራት፦ ላፕቶፕ ተዘጋ ማለት ኤሌክትሪክ የለውም ማለት አይደለም፤ ባትሪው ካልተነቀለ በማዘርቦርዱ ላይ ቮልቴጅ አለ። በዚያ ላይ በደረቁ የበጋ ወራት ከልብሳችንና ከምንጣፍ የምንሰበስበው ስታቲክ አለ። ዲስኩን ከመንካት በፊት መሬት የተያያዘ ብረት መንካት፣ ዲስኩንም በጠርዙ መያዝ ልማዳችን ይሁን።

3. ያየሁት ጉዳይ

በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የሰሊጥ አጨዳው ተጋግሎ ሳለ አንድ የእርሻ ቢሮ ዴስክቶፑንና ዲስኩን ይዞ ወደምንሠለጥንበት ጥገና ቤት መጣ። አካባቢውን ለማያውቅ አንባቢ ነገሩን ላብራራ። ሰሊጥ ሲደርስ ጊዜ አይሰጥም። ካልታጨደ ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህ በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት ከደጋው ብዙ የቀን ሠራተኛ ወደ መተማ፣ ወደ ቋራና ወደ ምዕራብ አርማጭሆ ይወርዳል። አጭዶ፣ በሂላ አቁሞ፣ ሲደርቅ አራግፎ፣ ሒሳቡን ተቀብሎ ወደ ቀዬው ይመለሳል። የእርሻው ቢሮ የማን ቡድን ስንት ቀን እንደሠራና ስንት ቅድሚያ እንደወሰደ የሚመዘግበው በዚያ ኮምፒውተር ነበር።

ከሦስት ሳምንት በፊት ሃርድ ዲስኩ ተገልብጦ 240 ጊጋባይት ኤስኤስዲ ገብቶለት ነበር፤ ጥሩም ይሠራ ነበር። አቧራ ለማራገፍ ሲከፈት ሁሉም ተነቅሎ እንደገና ተሰካ። ሲያበሩት ማራገቢያው አንዴ ዞሮ ቆመ። ደግመው አበሩት። ዲቫይደሩን ቀየሩ፣ አበሩት። ሌላ ሶኬት ሞከሩ። በመጨረሻ ዲስኩን ነቅለው በሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰኩት፤ እርሱም አልነሣ አለ።

ባለቤቱ ዕቃውን ጠረጴዛ ላይ ሲያስቀምጡ ያሉት ትዝ ይለኛል። «ልጄ፣ ማሽኑ ቢቀር ይቅር። የሰው ቀን ነው እዚህ ውስጥ ያለው።»

አሠልጣኛችን ማሽኑን አልሰኩትም። መጀመሪያ የጠየቁት «ጋሼ፣ አሮጌው ዲስክ የት አለ?» ብለው ነው።

«መሳቢያ ውስጥ ጥለነዋል።»

«አጥፍታችሁታል? ሌላ ነገር ጽፋችሁበታል?»

«የለም፣ ማን ነክቶት።»

«እንግዲያው ማንም እንዳይነካው። እርሱን አሁኑኑ ያስመጡልኝ።»

ከዚያ በኋላ ነው ምርመራ የተጀመረው። ሞሌክሱ ሲታይ ነጩ ፕላስቲክ በአንድ ጎኑ ተፍቆ ጠርዙ ተጨፍልቋል፤ ቢጫው በቀዩ ቦታ ገብቷል። ዲስኩ ብቻውን በመልቲሜትር ሲለካ በ5 ቮልቱ ጥርስና በመሬቱ መካከል ሜትሩ ጮኸ፤ ማለትም ሾርት ነው። ማራገቢያው አንዴ ዞሮ የሚቆመው ለዚህ ነው። ፓወር ሰፕላዩ ሾርቱን እያየ ራሱን ይዘጋ ነበር። ቅርፊቱ ሲከፈት ከመሰኪያው አጠገብ ያለች ትንሽ ክፍል ጠቁራለች። እርሷ መከላከያ ዳዮድ ነበረች። ሥራዋ ከልክ ያለፈ ቮልቴጅ ሲመጣ ራሷን ሾርት አድርጋ ከኋላዋ ያለውን ማዳን ነው። አሠልጣኙ ዳዮዷን በጥንቃቄ አንሥተው እንደገና ለኩ። ሾርቱ አልጠፋም። ጉዳቱ ዳዮዷን አልፎ ሄዷል። እዚያ ላይ አቆሙ።

የተረፈው ከመሳቢያው ነው። በአሮጌው ሃርድ ዲስክ ላይ እስከ ቅየራው ቀን ድረስ የነበረው መዝገብ በሙሉ ተገኘ። የሦስቱ ሳምንት ግን ከካቦዎች ደብተር እየታየ እንደገና ተጻፈ። የአንዱ ካቦ ደብተር ጠፍቶ ስለነበር የእርሱ ቡድን ሰዎች ቀናቸውን በቃል አስመዘገቡ፤ ቢሮው የሚለውና እነርሱ የሚሉት ስላልገጠመ በሽማግሌ ነው የተስማሙት። አገራቸው ለመግባት መኪና የያዙ ሰዎች ሦስት ቀን ቆዩ። አንድ የተገለበጠ ሶኬት ይህን ያህል መንገድ ይሄዳል።

4. የምርመራ ቅደም ተከተል

ከዚህ ጉዳይና ከሌሎችም የተማርነውን በተራ እንየው።

አንደኛ፣ ኤሌክትሪክ ማቋረጥ። ገመዱን ከግድግዳ መንቀል፣ ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪውንም መንቀል። የተጠረጠረ ዲስክ በሌላ ሰው ኮምፒውተር ላይ አይሞከርም። ሾርት ከሆነ ሁለተኛውንም ማሽን ለአደጋ ማጋለጥ ነው።

ሁለተኛ፣ መጠየቅ። ምን ተነቅሎ ምን ተሰካ? ስንት ጊዜ ተበራ? ሽታ ወይም ጭስ ነበረ? ዲስኩ ከዚህ በፊት ሠርቶ ያውቃል ወይስ አዲስ ነው? አሮጌው ዲስክ የት አለ? ባለቤት አንዳንዴ ያፍራል፤ «እኔ ምንም አልነካሁም» ይላል። ሳናሳፍር ከጠየቅን ግን እውነቱን ይነግረናል።

ሦስተኛ፣ ማየት። በስልክ መብራትና በማጉያ መስታወት የዲስኩን ጥርሶች፣ የሶኬቱን ሽቦዎች፣ የተፋቀ ፕላስቲክ፣ የጠቆረ ቦታ፣ የጎበጠ ካርድ መፈለግ። በሳታ ዲስኮች ላይ የኤል ቅርጽ ያለው ፕላስቲክ ብዙ ጊዜ ይሰበራል፤ ፕላስቲኩ ቢሰበርም ጥርሶቹ ካልታጠፉ ዲስኩ ደኅና ሊሆን ይችላል። ጥርሱ ላይ ቆሻሻ ካለ በአልኮል በረጠበ ንጹሕ ጨርቅ ይጠረጋል።

አራተኛ፣ ኮምፒውተሩን ያለ ዲስኩ ማብራት። ከተነሣና ባዮስ ውስጥ ከገባ ማዘርቦርዱና ፓወር ሰፕላዩ በሕይወት አሉ ማለት ነው። ያለ ዲስኩም ካልተነሣ ችግሩ ሰፊ ነው።

አምስተኛ፣ ኬብሉን መለካት። ዲስኩ ሳይሰካ ኮምፒውተሩ በርቶ የሳታው የኤሌክትሪክ መሰኪያ በመልቲሜትር ይለካል። መሰኪያው 15 ጥርስ አለው። ከ1 እስከ 3 ያሉት ለ3.3 ቮልት፣ ከ7 እስከ 9 ያሉት ለ5 ቮልት፣ ከ13 እስከ 15 ያሉት ለ12 ቮልት የተመደቡ ናቸው። ከ4 እስከ 6 ያሉት መሬት ናቸው። ከሞሌክስ የተቀየረ ኬብል 3.3 ቮልት አይኖረውም፤ ይህ ጉድለት አይደለም። ዋናው የመሐሉ ነው። እዚያ ላይ ከ4.75 እስከ 5.25 ቮልት መገኘት አለበት። 12 ቮልት ካየን ገዳዩን አገኘነው። ኬብሉ ተቆርጦ ይጣል እንጂ ለሌላ ቀን አይቀመጥ።

ስድስተኛ፣ ዲስኩን መለካት። ዲስኩ ከምንም ነገር ጋር ሳይያያዝ በ5 ቮልቱ ጥርስና በመሬቱ መካከል ያለው ኦም ይለካል፤ ቢቻል ጤነኛ ከሆነ ተመሳሳይ ዲስክ ጋር ይነጻጸራል። ወደ ዜሮ ከተጠጋ ሾርት ነው፤ እንዳይሰካ።

ሰባተኛ፣ ሾርት ከሌለ ብቻ መሰካት። ደኅንነቱ በተረጋገጠ ኬብል፣ በሌላ የሳታ ወደብ ወይም በዩኤስቢ ማገናኛ ይሞከራል። ማገናኛው ለሳታ የተሠራ ከሆነ ኤንቪኤምኢ አያነብም፤ ስለዚህ «በዩኤስቢም አልታየም» ብሎ ከመፍረድ በፊት ማገናኛው የየትኛው እንደሆነ ይታይ። እጃችንን ዲስኩ ላይ አድርገን እንቆይ። በአንድ ደቂቃ ውስጥ እጅ የሚያቃጥል ከሆነ ወዲያው ይነቀል።

ስምንተኛ፣ ባዮስ ውስጥ መፈለግ። እዚህ ላይ ምልክቶቹን ለይተን እናንብብ።

- ዲስኩ ቀዝቃዛ ሆኖ ጨርሶ ካልታየ፦ ኤሌክትሪክ አልደረሰውም፣ ፊውዙ ተቆርጧል ወይም ሶኬቱ ቋንቋውን አያውቅም። ኤም.2 ከሆነ የማዘርቦርዱ መመሪያ ይታይ።
- ኤም.2 ከተገጠመ በኋላ የድሮው ሳታ ዲስክ ከጠፋ፦ በብዙ ማዘርቦርዶች ላይ ኤም.2 ሶኬቱ ከአንድ ወይም ከሁለት የሳታ ወደቦች ጋር መስመር ይጋራል። ሳታውን ወደ ሌላ ወደብ ማዛወር ይበቃል።
- በስሙ ሳይሆን እንደ «ሳታፈርም ኤስ11» ባለ እንግዳ ስም ከመጣ፦ ኮንትሮለሩ በሕይወት አለ፤ ነገር ግን የውስጥ ፕሮግራሙን ማስነሣት አቅቶታል። ይህ ከገጠማ ስህተት ይልቅ የራሱ የዲስኩ ሕመም ነው።
- ባዮስ ላይ በትክክል ታይቶ ዊንዶውስ ውስጥ ከሌለ፦ አዲስ ዲስክ ከሆነ ገና አልተዘጋጀም፤ ዲስክ ማኔጅመንት ውስጥ ገብቶ ማዘጋጀት ነው። መረጃ ያለበት ዲስክ ሆኖ ዊንዶውስ «ላዘጋጀው?» ብሎ ከጠየቀ ግን መልሱ «አይሆንም» ነው።

5. መረጃው ሲፈለግ

ዲስኩ ከታየ የመጀመሪያው ሥራ መጠገን ሳይሆን መገልበጥ ነው። ነገ ላይታይ ይችላል። ጉዳት የደረሰበት ዲስክ በፋይል በፋይል አይጎተትም። በሊኑክስ ላይ በሚሠራው ዲዲሬስኪዩ በተባለ ነጻ ፕሮግራም መላው ዲስክ ወደ ሌላ ጤነኛ ዲስክ እንደ ምስል ይገለበጣል። ፕሮግራሙ የሚነበበውን አስቀድሞ ወስዶ የማይነበበውን በመጨረሻ ይሞክራል፤ መንገድ ላይ መብራት ቢጠፋ የት እንደደረሰ መዝግቦ ስለሚይዝ ካቆመበት ይቀጥላል። ፋይል ፍለጋው ከምስሉ ላይ ይሁን እንጂ ከታመመው ዲስክ ላይ አይሁን።

ዲስኩ ሾርት ሆኖ መረጃው ከዲስኩ ዋጋ በላይ ከሆነ ምርጫው ሁለት ነው። ከመከላከያ ዳዮድ ጀርባ ያለው ክፍል ከተረፈ ዳዮዱ ተነሥቶ መረጃው እስኪገለበጥ ድረስ ብቻ ሊሠራ ይችላል። ይህን የሚያደርግ የብየዳ ልምድ ያለው ሰው ነው፤ ተማሪ በሌላ ሰው ዲስክ ላይ አይለማመድም። ጉዳቱ ወደ ኮንትሮለሩ ካለፈ ደግሞ ሥራው የመረጃ ማዳን ላቦራቶሪ ነው፤ በእኛ ጥገና ቤት አቅም የሚሞከር አይደለም። ለባለቤቱ ይህን በግልጽ መናገር የሙያው አንዱ ክፍል ነው። «እንሞክራለን» እያሉ ሰው ማመላለስ አይገባም።

6. ቆላው የሚጨምረው

በመተማ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባሉት ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል። ለተራ ተጠቃሚ የሚሸጡ ኤስኤስዲዎች አብዛኛውን ጊዜ እስከ 70 ዲግሪ እንዲሠሩ የተሠሩ ናቸው። ክፍሉ 40 ከሆነ፣ በአቧራ የታፈነ ሳጥን ውስጥ ያለ ኤንቪኤምኢ ዲስክ ትልቅ ፋይል ሲገለብጥ ወደ ወሰኑ ይጠጋል፤ ያን ጊዜ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ባለቤቱ «ተበላሸ» ይላል፤ የሚያስፈልገው ግን አየር ነው። ማቀዝቀዣ ብረት ሲገጠምም ከሥሩ ያለው የሚለጠፍ ትራስ ስስ ፕላስቲኩ ሳይላጥ እንዳይቀር። ፕላስቲኩ ካልተላጠ ሙቀቱ በደንብ አይተላለፍም።

ሙቀት ሌላም ነገር ያደርጋል። ኤስኤስዲ ኤሌክትሪክ ሳያገኝ ለረጅም ጊዜ ሲቀመጥ መረጃው እየደከመ ይሄዳል። ጄዴክ የተባለው የኢንዱስትሪው መሥፈርት አውጪ ድርጅት የሚጠይቀው የአጠቃቀም ዕድሜውን የጨረሰ የተራ ተጠቃሚ ኤስኤስዲ በ30 ዲግሪ ሙቀት ለአንድ ዓመት መረጃውን እንዲይዝ ነው። ከ30 ዲግሪ በላይ ጊዜው ያጥራል። ስለዚህ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ባለ መጋዘን መሳቢያ ውስጥ ለዓመታት የሚቀመጥ መዝገብ በኤስኤስዲ ብቻ አይቀመጥ።

መብራት በድንገት ሲሄድና ሲመጣም ኮንትሮለሩ የጀመረውን መዝገብ ሳይጨርስ ሊቆም ይችላል። ዩፒኤስ ማስገባት፣ እርሱ ካልተቻለ መብራት ሲሄድ ዋናውን ገመድ ነቅሎ መብራቱ እስኪረጋ መቆየት ይጠቅማል። «በኢንተርኔት ላይ እናስቀምጣለን» ማለትም ብቻውን አይበቃም። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ሥራቸውን በዚያ ላይ ብቻ የጣሉ ሰዎች ከፋይላቸው ተለያይተዋል። አንድ ቅጂ በእጅ ሊያዝ ይገባል።

ማጠቃለያ

ከላይ እንደተመለከትነው አልታይ ያለ ዲስክ አንዳንዴ ቦታውን የሳተ ነው፣ አንዳንዴ ኬብሉ የገደለው ነው፣ አንዳንዴም ዳዮዱ ሞቶለት እርሱ የተረፈ ነው። ሦስቱን የሚለየው ቅደም ተከተል ነው። ማቋረጥ፣ መጠየቅ፣ ማየት፣ መለካት፣ ከዚያ መሰካት። መልቲሜትር በብዙ ጥገና ቤት አለ፤ የሚጎድለው አስቀድሞ የማንሣት ልማድ ነው።

ኤስኤስዲ ለሚያስገጥም ደንበኛ ደግሞ ሥራው ሲያልቅ ሁለት ነገር እንንገረው። አንደኛ፣ አሮጌው ዲስክ ቢያንስ ለአንድ ወር አይነካ፤ የቀኑ ሥራም በየማታው በፍላሽ ይገልበጥ። ሁለተኛ፣ አልሰካ ያለ ሶኬት ምክንያት አለው፤ በጉልበት አይገፋ። ይህን ለመናገር ሁለት ደቂቃ ይበቃል። በአጨዳ ወራት በዚያ ዲስክ ላይ ያለው የሰው ጉልበትና የሰው ቀን ስለሆነ ሁለቱን ደቂቃ አንንፈግ።